ሮቦቱ ኮልፌ ድረስ መምጣት አያስፈልገውም

ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። አየር ጤና ላይ ታክሲ ለመያዝ የተሰለፈው ሰው ፊቱ ገና በደንብ አይለይም። ከሰልፉ ወዲህ ሰርቪስ የሚጠብቁ ወጣቶች ቆመዋል። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ምሳ ዕቃቸውን በፌስታል አንጠልጥለው የዓለም ገናንና የሰበታን መንገድ ያያሉ። ማታ ሲመለሱም እንዲሁ ጨለማ ነው።

ባለፈው ሰሞን ከእነዚህ አንዷ፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ ሰላም ካለችኝ በኋላ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ ሮቦት የሰው ሥራ ሊወስድ ነው የሚባለው እውነት ነው እንዴ? ስልኬ ላይ ቪዲዮ አየሁ፤ የብረት እጅ ብቻውን ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ!»

ላጽናናት ብዬ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እዚህ አገር ማን ሮቦት ያመጣል? አንቺ ትረክሻለሽ» አልኳት። ምን እንዳልኩ የገባኝ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እሷም ሰምታዋለች። ሳቅ ብላ፣ «እንግዲህ መርከሴ ነው ዋስትናዬ?» አለችና ሰርቪሱ ላይ ወጣች።

ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩን ሳወጣው ሳወርደው ከረምኩ። ምክንያቱም እኔ ለአንዲት ልጅ ያልኳትን፣ እንደ አገር ለዓለም ስንናገረው ኖረናል። «ኑ፣ ኢንቨስት አድርጉ፤ ርካሽ ጉልበት አለን» ስንል!

ሮቦት ሲባል የብዙዎቻችን ዓይን ላይ ድቅን የምትለው ሶፊያ ናት። በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባን የጎበኘችው፣ በሶፍትዌሯ ሥራ የአይኮግ ላብስ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች የተሳተፉባት ሶፊያ። የፋብሪካው ሮቦት ግን ፊትም አንደበትም የለው። ወለል ላይ በብሎን የታሰረ የብረት ክንድ ነው። ያነሳል፣ ይበይዳል፣ ይቀባል፣ ያሽጋል። አይታመም፣ ፈቃድ አይጠይቅ፣ የቤት ኪራይ አይጨመርበት።

ዓለም አቀፉ የሮቦቲክስ ፌዴሬሽን እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ 540 ሺህ ያህል አዳዲስ ሮቦቶች በዓለም ፋብሪካዎች ተተክለዋል። በሥራ ላይ ያሉት ጠቅላላ ከ4 ሚሊዮን በልጠዋል። ልብ ልንለው የሚገባው ግን ወዲህ ነው፤ በዚያ ዓመት ከተተከሉት ከግማሽ በላዩን የተከለችው አንዲት አገር፣ ቻይና ናት።

ይህ ለምን እኛን ይመለከተናል? ከአሥር ዓመት በላይ ተስፋችን የተገነባው በአንድ ስሌት ላይ ስለነበር ነው። ስሌቱ ቀላል ነበር። ቻይና ትበለጽጋለች፣ የሠራተኛዋ ደመወዝ ያድጋል፣ ስለዚህ ልብስና ጫማ የሚሠሩት ፋብሪካዎቿ ርካሽ ጉልበት ፍለጋ ወደ እኛ ይመጣሉ። የዓለም ባንክ ዋና ኢኮኖሚስት የነበሩት ጀስቲን ሊን ከቻይና ሊወጣ የሚችለውን እንዲህ ያለ ሥራ 85 ሚሊዮን አድርሰውት ነበር። ከዚያ ላይ ጥቂቱ እንኳ ለአፍሪካ ቢደርሳት ምን ያህል ልጆች እንጀራ እንደሚያገኙ አስቡት።

ከዚያ ሥራ የተወሰነው በእርግጥ መጥቷል። ቀሪው ግን ሁሉ መንገድ አልጀመረም። የቻይናው ባለፋብሪካ ደመወዝ ሲጨምርበት ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ ፋብሪካውን ነቅሎ ሩቅ አገር መሄድ፣ ወይ እዚያው ባለበት ክንድ መትከል። ብዙዎቹ ሁለተኛውን እየመረጡ ነው። እንግዲህ የጎረቤቴን ልጅ ሥራ የሚወስደው ሮቦት ኮልፌ ቀራንዮ ድረስ መምጣት አያስፈልገውም። ጓንግዶንግ ቆሞ ይወስደዋል። የሚወስደውም የያዘችውን ሥራ ብቻ ሳይሆን ታናሽ እህቷ ልትይዘው የነበረውን፣ ገና ያልመጣውን ሥራ ነው። ያልመጣ ሥራ ደግሞ አይለቀስለትም፤ ሰልፍም አይወጣለትም። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው።

ይህ ፍርኃት ብቻ አይደለም። ዳሮን አሴሞግሉና ፓስኩዋል ሬስትሬፖ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ባደረጉት ጥናት፣ ለ1 ሺህ ሠራተኛ አንድ ሮቦት ሲጨመር ደመወዝ በ0.42 በመቶ፣ ሥራ ላይ ያለው ሕዝብ ድርሻም በ0.2 ነጥብ ዝቅ እንደሚል አግኝተዋል። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ሮቦቱ ሲበዛ ግን ይደመራል። ማሪየስ ፋበር የተባለ ተመራማሪ ደግሞ ድንበሩን ተሻግሮ ሜክሲኮን አየ። አሜሪካ ውስጥ የተተከለው ሮቦት፣ ለአሜሪካ ገበያ በሚያመርቱ የሜክሲኮ አካባቢዎች የሰዎችን ሥራ ቀንሶ አገኘው። ክንዱ የተተከለው በአንድ አገር፣ ሥራ ያጣው ሰው ያለው በሌላ አገር!

እርግጥ ነው፣ ነገሩን ማጋነንም አይገባም። ሮቦት ብረት ሲያነሳ ጎበዝ ነው፤ ጨርቅ ላይ ግን ይቸገራል። ጨርቅ ይጨማደዳል፣ ይለጠጣል፣ ይንሸራተታል። አንዲት የለመደች ልጅ በሁለት ጣቷ የምታስተካክለውን የእጅጌ ስፌት፣ ማሽን በካሜራ እያየ እንኳ በቀላሉ አይሆንለትም። አዲዳስ ጀርመንና አሜሪካ ውስጥ በሮቦት የሚሠራ የጫማ ፋብሪካ አቋቁሞ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ መዝጋቱን አስታውቋል። ይህን የሰማ ሰው «አያችሁ፣ ሰውን የሚተካ የለም» ብሎ ሊደሰት ይችላል። ነገር ግን ቴክኖሎጂው ከዚያ ወዴት ሄደ? ወደ ቻይናና ቬትናም፣ ማሽኑም ማሽኑን የሚያውቀው ሠራተኛም አብረው ወዳሉበት ነው የሄደው። ሰው ብቻ ርካሽ ወደሆነበት አልሄደም።

እዚህ ላይ «ርካሽ» የምንለውን ነገር ራሱን እንየው። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ትልቅ ተስፋ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ በአገራችን የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። በወቅቱ ምንዛሪ 750 ብር ገደማ መሆኑ ነው። ባንግላዴሽ 95፣ ኬንያ 207 ዶላር በሚከፈልበት ጊዜ። ከዓለም ዝቅተኛው ክፍያ የእኛ ነው ተባለ። ታዲያ በዚያ ዋጋ ተወዳዳሪ ሆንን? ያው ጥናት እንደሚለው ሠራተኛው በብዛት ይለቅ፣ ምርታማነቱም ዝቅ ያለ ነበር። ቤት ኪራይና ምግብ የማይሸፍን ደመወዝ እጁ ላይ ያለ ሰው ልቡን ሥራው ላይ አያሳርፍም። በ750 ብር ማን ያሳርፋል?

ከዚያም ቀደም ብሎ ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ምሁራን በአገራችን አምስት ፋብሪካዎች አንድ ጥናት አካሂደው ነበር። ሥራ ከጠየቁ ወደ 1 ሺህ ከሚጠጉ ሰዎች መካከል የፋብሪካውን ሥራ የሚያገኙትን በዕጣ ለይተው ተከታተሉ። ሥራው የደረሳቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላ ለቀቁ። ፋብሪካው ይከፍላቸው የነበረው፣ መንገድ ዳር ቸርችረው ወይም ቀን ሥራ ሠርተው ከሚያገኙት አይሻልም ነበር። ይህ የሠራተኛው ስንፍና አይደለም። «ከእጅ አይሻል ዶማ» ማለት ይኸው ነው።

ርካሽነት ሌላም ጉድ አለው። ዛሬ አንተን በርካሽነትህ የመረጠህ ገዢ፣ ነገ ሌላ ሲረክስ ይሄዳል፤ ወይም አንድ ደብዳቤ ከዋሽንግተን ሲመጣ ይሄዳል። በ2014 ዓ.ም. ከአጎዋ ስንታገድ ከሐዋሳ የወጣውን ፒቪኤችን እናስታውሳለን። ከአየር ጤና ብዙም ሳይርቅ ዓለም ገና ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን ይዞ የነበረው አይካ አዲስም በብድር ዕዳ የተነሳ በልማት ባንክ እጅ ገብቷል። ሁለቱም የሮቦት ጥፋት አይደሉም። ነገር ግን እንጀራችን የተንጠለጠለበት ክር ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ያሳያሉ። ሮቦት የሚመጣው በዚህ ቀጭን ክር ላይ ነው።

ታዲያ ማሽን አንፈልግም እንበል? በጭራሽ! ይህን የሚል ሰው ኮልፌ ውስጥ አልኖረም ማለት ነው። ቆሼን የሚያውቅ ሰው የሰው ልጅ በባዶ እጁ ቆሻሻ እየፈለፈለ መኖር አለበት አይልም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀብሯል። ከሟቾቹ መካከል ክምሩ ጥግ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ነበሩበት። በቀጣዩ ዓመት፣ በነሐሴ 2010፣ እዚያው ረጲ ላይ ቆሻሻን እያቃጠለ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። በቀን 1,400 ቶን ያህል ቆሻሻ እንደሚያስተናግድም ተነገረ። ማሽን እንዲህ ያለውን ሥራ ከሰው ትከሻ ቢያወርድ እሰየው ነው።

ግን አንድ ጥያቄ አለ። ፕላስቲኩና ወረቀቱ ለእቶኑ ማገዶ ነው፤ ለለቃሚዋ ደግሞ የዕለት ጉርሷ ነበር። ማሽን ሲታቀድ እሷ በዕቅዱ ውስጥ በየትኛው ገጽ ላይ ናት? ይህ ጥያቄ የረጲ ብቻ አይደለም። ማንኛውም ማሽን ማንኛውም ሰፈር ሲገባ መጠየቅ ያለበት ነው። ማሽኑ ምን ያህል ያመርታል ብለን እንጠይቃለን፤ ከማሽኑ በፊት እዚያ የነበረው ሰው ከማሽኑ በኋላ የት ይሆናል ብለን የምንጠይቀው ግን ስንቶቻችን ነን?

ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር ያየሁት ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ አይደለም። እዚሁ ሰፈራችን፣ አንድ እንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ነው። ባለቤቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት በኮምፒውተር የሚታዘዝ፣ ሲኤንሲ የሚሉትን የእንጨት መቅረጫ ማሽን አስገባ። የአልጋ ራስጌና የቡፌ በር ላይ ቅርጽ ያወጣል። ሽማግሌው ቅርጽ አውጪ ሁለት ቀን የሚፈጅበትን ማሽኑ ከምሳ በፊት ጨርሶ ያወጣዋል። ሽማግሌው ይባረራሉ ብዬ ነበር። ባለቤቱ ግን ብልጥ ሰው ነው። «ማሽኑ ቅርጽ አያውቅም፤ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው» አለኝ። አሁን ሽማግሌው ሥዕሉን በእርሳስ ይነድፋሉ፣ አንድ ከቴክኒክና ሙያ የወጣ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ያስገባዋል። ሥራው ስለፈጠነ ትዕዛዝ በዛ። ትዕዛዙ ሲበዛ በብርጭቆ ወረቀት የሚያለሰልስ፣ ቀለም የሚቀባ፣ የሚገጣጥም ሰው ተጨመረ።

ሁሉም ቦታ እንዲህ አይሆንም። የኮምፒውተር ጥልፍ ሲመጣ የሐበሻ ቀሚስ በእጃቸው የሚጠልፉ ስንት ሴቶች መርፌያቸውን እንዳስቀመጡ እናውቃለን። ማሽኑን የገዛው ሌላ፣ ሥራ ያጣችው ሌላ ነበረችና ነው። የሁለቱ ልዩነት ማሽኑ ውስጥ የለም። ማሽኑ የማን ነው፣ ማን ያዘዋል፣ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል፣ ትርፉስ እንዴት ይከፈላል የሚለው ውስጥ ነው ያለው።

በነገራችን ላይ፣ የቤት ዕቃ ሥራም ከዚህ ስጋት ነፃ አይደለም። ኦዲአይ የተባለው የእንግሊዝ የጥናት ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ስሌት፣ አሜሪካ ውስጥ ያለ ሮቦት የቤት ዕቃ ለመሥራት ከኬንያ ሠራተኛ የሚረክስበት ጊዜ በ2030ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ ይሆናል ብለዋል። ስሌት ስሌት ነው፤ ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል። መልእክቱ ግን ግልጽ ነው። በርካሽነት የተገዛው ጊዜ ያልቃል። ጥያቄው ጊዜው እስኪያልቅ ምን ሠራንበት የሚለው ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይሉ የለ አባቶቻችን?

በእኔ እምነት መደረግ ያለባቸው ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛው የደመወዝ ወለል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝን እያጠና የሚያስተካክል የደመወዝ ቦርድ እንደሚኖር ደንግጓል። ሕጉ ከወጣ ዓመታት አለፉ፤ ለግሉ ዘርፍ ሠራተኛ ግን ወለሉ ዛሬም አልተነጠፈም። «ደመወዝ ከጨመርን ባለሀብቱ ሮቦት ያስገባል» የሚል ክርክር እሰማለሁ። በ26 ዶላር ጊዜስ ምን ተጠቀምን? ባለሀብቱን ያስመረረው የደመወዙ መብዛት ሳይሆን ያሠለጠናት ሠራተኛ በሦስተኛው ወር ጥላው መሄዷ ነበር። የምትኖርበት ደመወዝ ያላት ልጅ ትቆያለች፤ የቆየች ልጅ ትለምዳለች፤ የለመደች ልጅ ደግሞ ማሽን ቢመጣ እንኳ ማሽኑን የምታዘው እሷ ትሆናለች።

ሁለተኛው ከቀረጥ ነፃ መብት ነው። ባለሀብት ማሽን ከቀረጥ ነፃ ሲያስገባ ሁላችንም ከፍለንበታል፤ ያልተሰበሰበው ቀረጥ የሕዝብ ገንዘብ ነውና። ስለዚህ ቅድመ ሁኔታ ሊኖረው ይገባል። ከእያንዳንዱ መሥመር ጋር ይህን ያህል ኢትዮጵያውያን ጥገናውንና ፕሮግራሙን ተምረው እንዲወጡ፣ በማሽኑ ምክንያት ቦታቸውን የሚለቁ ሠራተኞችም ለሌላ ሥራ እንዲሠለጥኑ በውል ይጻፍ። ማሽን ተበላሽቶ ባለሙያ ከውጭ አገር እስኪመጣ የሚቆም ፋብሪካ ብርቅ አይደለም። የእኛ ልጆች የሶፊያን ሶፍትዌር ከሠሩ የአንድን ማሸጊያ ክንድ ሞተር መፍታት እንዴት ያቅታቸዋል? የሚያቅታቸው ማሽኑን ሳያዩ ሲመረቁ ነው። ብዙ የቴክኒክና ሙያ ተማሪ እንዲህ ያለውን ማሽን የሚያውቀው በመጽሐፍ ሥዕል ነው።

ሦስተኛው፣ ማሽኑ ወደ ትንንሾቹም ይውረድ። ኮልፌ፣ ዓለም ባንክ፣ ቤቴል ውስጥ በየሼዱ ተደራጅተው የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። የካፒታል ዕቃ ሊዝ የሚባለው አሠራር ማሽን ያለ ከባድ ዋስትና ለማግኘት ጥሩ በር ነው። ይህ በር ሰፋ ይበል። እንጨት ቤቱ ያገኘውን ዕድል ጥልፍ የሚጠልፉት ሴቶች አሥር ሆነው ተደራጅተው ቢያገኙት ኖሮ፣ የኮምፒውተር ጥልፉ ጠላታቸው ሳይሆን ሠራተኛቸው ይሆን ነበር።

እነዚህ ነገሮች ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ አውቃለሁ። አሠሪውም የመብራት መቆራረጥ፣ የውጭ ምንዛሪና የግብር ጣጣ አለበት፤ ይህንንም አውቃለሁ። ነገር ግን ምንም አለማድረግም ዋጋ አለው። ዋጋውን የምትከፍለው ግን በዚህ ጉዳይ ስብሰባ ላይ ተጠርታ የማታውቅ፣ ንጋት ላይ አየር ጤና የምትቆም ልጅ ናት።

ትናንት እንደገና አገኘኋት። ሰርቪሱ ዘግይቶ ነበር። «ጋሼ፣ ያን ጥያቄዬን መለሱት?» አለችኝ እየሳቀች። «አዎ፣ ተሳስቼ ነበር፤ መርከስሽ ዋስትናሽ አይደለም፤ ዋስትናሽ የምታውቂው ነገር ነው» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና፣ «እሺ፣ ግን ማን ያስተምረኛል? ማታ ስገባ እኮ ሁለት ሰዓት ነው» አለች።

ሰርቪሱ መጣ፣ ወጣች። ይህን ጥያቄ እኔ ብቻዬን ልመልሰው አልችልም። የደመወዝ ቦርዱን ያልሰየሙ፣ ማሽን ከቀረጥ ነፃ የሚፈቅዱ፣ ማሠልጠኛ የሚመሩ፣ ፋብሪካ ያላቸው ሁሉ ይድረሳቸው ብዬ እነሆ ጻፍኩት። ነገ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ እሷ እዚያው ቆማ ትጠብቃለች።

ቸር እንሰንብት!